የመጀመሪያዋን የፕላስቲክ የጦር መርከብ ሞዴል መገጣጠም፦ ለአዲስ አበባ ዳርቻ ጀማሪዎች

የጦር መርከብ ሞዴል ጀማሪን የሚረታው በቅደም ተከተል ነው። መድፉ ከተለጠፈ በኋላ ከሥሩ ያለውን ወለል ብሩሽ አይደርስበትም። ምሰሶው ከቆመ በኋላ የጭስ ማውጫውን መጋጠሚያ መሞረድ አይቻልም። ሙጫው ሳይጠነክር ጫና ያረፈበት ማዘዣ ክፍል ደግሞ ተጣሞ ይቀራል። የአውሮፕላን ሞዴል ላይ ስህተት ብትሠሩ ክንፉን አገላብጣችሁ ታርማላችሁ፤ መርከብ ላይ ግን የተሳሳተው ነገር በሌሎች ሃያ ክፍሎች ይታጠራል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ምን ከምን እንደሚቀድም ማወቅ ያስፈልጋል።

ለለገጣፎ፣ ለሱሉልታ፣ ለቱሉ ዲምቱ ወይም ለኮዬ ፈጬ ነዋሪ ሌላም ነገር ይጨመራል። ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት ይህን አየር አያውቀውም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በበጋ ቀለም ብሩሽ ላይ እያለ ይደርቃል፣ ሱፐር ግሉ ደግሞ አልደርቅ ይላል፤ ገና አስፋልት ካልገባበት መንገድ የሚነሳው አቧራ ያልደረቀ ቀለም ላይ ያርፋል፤ መብራትም ይጠፋል። ለእያንዳንዱ መላ አለው።

የትኛዋን መርከብ?

በመርከብ ሞዴል ሁለት የተለመዱ መጠኖች አሉ፤ 1/700 እና 1/350። በ1/700 አንድ ሴንቲሜትር 7 ሜትር ነው፤ በ1/350 ደግሞ 3.5 ሜትር። እንዲቀላችሁ ከአሜሪካ ተረክበናት ምፅዋ ትቆም የነበረችውን «ኢትዮጵያ» የተባለችውን የባሕር ኃይላችንን መርከብ አስቡ። ርዝመቷ 94.7 ሜትር ነበር፤ በ1/700 ብትሠራ 13.5 ሴንቲሜትር ትሆናለች፣ ከእስክሪብቶ ትንሽ ታጥራለች ማለት ነው። በዚሁ መጠን የአንድ መርከበኛ ቁመት 2.5 ሚሊሜትር ነው።

ለመጀመሪያ ሥራ ዲስትሮየር (አነስ ያለች ፈጣን የጦር መርከብ) ምረጡ። ከሁሉ የሚመከረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፍሌቸር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 175 ፍሌቸሮች ስለተሠሩ ፎቶግራፋቸው በየቦታው ይገኛል፤ የተጠራጠራችሁትን ክፍል አይታችሁ ታረጋግጣላችሁ። ርዝመቷ 114.8 ሜትር፣ በ1/700 ደግሞ 16.4 ሴንቲሜትር ነው። በነጠላ ማማ የተቀመጡ አምስት ባለ 127 ሚሊሜትር መድፎች፣ ሁለት ባለ አምስት ቱቦ የቶርፔዶ ማስወንጨፊያዎችና ሁለት ጭስ ማውጫዎች አሏት። አምስቱ መድፎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ የመጀመሪያው ቢበላሽባችሁ አምስተኛው ላይ እጃችሁ ይለምዳል። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ በሁለቱም መጠን አላት።

ያማቶ የተባለውን የጃፓን የጦር መርከብ ለጊዜው ተዉት። ብዙ ሰው በዝናው ተስቦ የ263 ሜትሩን ግዙፍ ይገዛል፤ ከመቶ የሚበልጡት ትናንሽ የ25 ሚሊሜትር መድፎቹ ላይ ሲደርስ ግን ሣጥኑን ዘግቶ አልጋ ሥር ያስቀምጠዋል።

«ዋተርላይን» የሚል ሣጥን ካገኛችሁ ውሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1971 የጃፓኗ ሺዙኦካ ከተማ አምራቾች፣ ታሚያ፣ ሐሴጋዋ፣ አኦሺማና ፉጂሚ፣ በጋራ የጀመሩት ተከታታይ ነው፤ መርከቧ ከውሃ በላይ ያለው አካሏ ብቻ ስለሚሠራ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጧት ባሕር ላይ የተንሳፈፈች ትመስላለች። ለጀማሪ ያለው ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ የግራና ቀኝ ቀፎ (የመርከቧ ዋና አካል) ከሥር የሚገጥምበትን ረጅም መስመር ከመሞረድ ያድናችኋል።

ኪቱን (ያልተገጣጠመውን ሞዴል) ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር በሚመጣ ሰው የምታስልኩ ከሆነ ፕላስቲኩን ብቻ አስመጡ። የሞዴል ሙጫና በቆርቆሮ የታሸገ ስፕሬይ ተቀጣጣይ ስለሆኑ የመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳሉ። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም በትንንሽ ጠርሙስ ግን ይመጣል፤ ጠርሙሱ ላይ የእሳት ምልክት እንደሌለው አስቀድማችሁ አጣሩ።

ዕቃዎች

አብዛኛው እዚሁ ይገኛል። ስለታም ካተር ከትርፍ ምላጭ ጋር፣ ጫፉ ቀጭን ወረንጦ፣ አዲስና በደንብ የሚገጥም ጥፍር መቁረጫ፣ ከመኪና ቀለም መሸጫ የሚገዛ ውሃ የማይፈራ ብርጭቆ ወረቀት 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር፣ አንድ ፓኬት ስቴክኒ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የእንቁላል ትሪ። ብሩሽ ሦስት ይበቃል፤ አንድ ሰፋ ያለ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ለጥቃቅን ነገር። የትንሹን ብሩሽ ጥራት አትሰስቱበት፤ ፀጉሩ ወደ አንድ ጫፍ የማይሰበሰብ ብሩሽ ስንት ጥሩ ቀለም አበላሽቷል።

ሙጫ ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል። ዋናው ቀጭኑ የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ኪቱ የተሠራበትን ፖሊስታይሪን አሟሙቶ ሁለቱን ክፍሎች ያዋህዳቸዋል፤ ብረትና ቀለም የተቀባ ገጽ ላይ ግን አይሠራም። ለእነዚያ ሱፐር ግሉ ትጠቀማላችሁ። የሞዴል ሙጫ ካጣችሁ ንጹሕ አሴቶን ፖሊስታይሪንን ያሟሟል፤ ቶሎ ስለሚተን ግን ፈጣን እጅ ይፈልጋል። ሽቶና ዘይት የተጨመረበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን ገጹን አበላሽቶ ሳያጣብቅ ይቀራል።

አንድ ነገር በጥብቅ ያዙ። መብራት ጠፍቶ ሻማ ሲበራ ወይም እዚያው ክፍል ከሰል ተያይዞ ቡና ሲፈላ ሙጫም አሴቶንም ክዳናቸው ይዘጋ፣ ሥራውም ይቁም። የሁለቱም ትነት ከሩቅ እሳት ይስባል። በሻማ ከመሥራት ማግስት መሥራት ይሻላል።

ሥራው ሲጀመር

1. ክፍሎቹን ከነፍሬማቸው (ተያይዘውበት ከሚመጡት የፕላስቲክ ዘንግ ጋር) ሳፋ ውስጥ ለብ ባለ ውሃና በሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ በጥላ አድርቁ። ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የቀረ ቅባት ካለባቸው ቀለሙ በኋላ በፕላስተር ተነሥቶ ይመጣል።

2. መመሪያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ፤ በእርሳስም ሦስት ምልክት አድርጉበት። ቀፎና ወለል «ሀ»፣ ለብቻቸው ተገጣጥመው ለብቻቸው የሚቀቡት እንደ ማዘዣ ክፍል፣ ጭስ ማውጫና የመድፍ ማማ ያሉት «ለ»፣ መጨረሻ ላይ የሚቆሙት ምሰሶ፣ መልህቅ፣ ጀልባና የመድፍ አፈሙዝ «ሐ»። የኪቱ ቁጥሮች ለመገጣጠም የተደረደሩ ናቸው፣ ለመቀባት አይደለም። የናንተ ቅደም ተከተል በነዚህ ሦስት ፊደሎች ይሄዳል።

3. ቀፎውን ብቻ ቁረጡና ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡት። አፍንጫው ወይም የኋላ ጫፉ ከመስታወቱ ከተነሣ ተጣሟል ማለት ነው፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ይህ የተለመደ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነክራችሁ መስታወቱ ላይ በጣታችሁ አስተካክሉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ከፈላ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ፕላስቲኩን ባያቀልጠውም፣ ከእሳት እንደወጣ ግን ስስ ጠርዞችን ያጎብጣል።

4. አሁን መቁረጥ ተጀመረ። ከክፍሉ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ርቃችሁ በጥፍር መቁረጫው ቁረጡ፣ የቀረውን ጉቶ በካተር ሸርፉት፣ ከዚያ በ600 ቁጥር አለስልሱ። ክፍሉ ሥር ተጠግቶ አንዴ የቆረጠ ሰው የመድፍ አፈሙዝ ለሁለት ሲሰበር ያያል፤ ምክንያቱም መቁረጫው ፕላስቲኩን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ቀጭኑ ጫፍም ግፊቱን አይችልም። ብርጭቆ ወረቀቱን በአይስክሬም እንጨት ላይ ለጥፋችሁ ብትሠሩ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ጭናችሁ ላይ ጋቢ ወይም ነጭ አንሶላ ዘርጉ። ከወረንጦ ተፈናጥሮ የሄደ የ2 ሚሊሜትር ክፍል በሲሚንቶ ወለል ላይ አይገኝም፤ ጋቢ ላይ ግን ወድቆ ይጠብቃችኋል። የተቆረጠው ሁሉ በቁጥሩ እንቁላል ትሪው ጉድጓድ ውስጥ ይግባ።

5. ከመለጠፍ በፊት ሁልጊዜ ደረቁን ግጠሙ። ወለሉን ቀፎው ላይ አስቀምጣችሁ ብርሃን ላይ አንሡት፤ ክፍተት ካለ የት እንዳለ ያሳያችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፍሬም ጉቶ በደንብ አለመላጡ ነው። ከዚያ ሁለቱን በወረቀት ፕላስተር አጥብቃችሁ እሰሩ፤ በብሩሽ አንድ ጠብታ ቀጭን ሙጫ መጋጠሚያው ላይ ንኩ። ሙጫው ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ይሮጣል። ብዙ ማፍሰስ አያጠነክረውም፤ ፕላስቲኩን አለስልሶ የጣት አሻራችሁን ያትምበታል። ኪቱ የብረት ማክበጃ ካለው ሥሩ ከመዘጋቱ በፊት አስገቡት፤ ይህን ረስቶ ቀፎውን የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው።

6. ለአንድ ሌሊት ተዉት። በቀጣዩ ቀን ክፍተት የቀረበትን ቦታ ሙሉት። የፍሬም ፍርፋሪ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ በአሴቶን ሟሟቶ እንደ ማር ሲወፍር ከኪቱ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነ ከመኪና ስቱኮ የተሻለ ይይዛል። በስቴክኒ ጫፍ ቀቡ፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን አድርቁ፣ በውሃ እየነከራችሁ በ600 ከዚያ በ1000 አሹ። ቸኩሎ የታሸ ሙሌት በሳምንቱ ይሰምጣል፤ ውስጡ ያለው አሴቶን ገና እየተነነ ነበርና።

7. የ«ለ» ቡድን እያንዳንዱ ለብቻው ይገጣጠማል። የጭስ ማውጫው ሁለት ግማሽ ሲገጥም በመካከሉ የሚቀረው መስመር መጥፋት አለበት፤ የሠሪው ትዕግሥት የሚለየው እዚህ ነው። ሲጠናቀቁ በስቴክኒ ጫፍ ላይ በተገለበጠ ፕላስተር አጣብቋቸውና ስቴክኒውን ግማሽ ድንች ላይ ሰኩት። በአንድ ድንች አምስቱን መድፎች ሳትነኩ ዙሪያቸውን ትቀባላችሁ።

ቀለም

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የመርከቧ መልክ ግማሹ ቀለም ነው፣ ብልሽቱም አብዛኛው እዚህ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሽፋን ፕራይመር ነው። ለሞዴል የተሠራ ካላገኛችሁ የመኪና ግራጫ ፕራይመር ስፕሬይ ይሠራል፤ ነገር ግን አንዳንዱ በውስጡ ያለው ቲነር ፖሊስታይሪንን ይበላል። መጀመሪያ ባዶ ፍሬም ላይ ረጩ፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ፣ በጥፍራችሁ ጫሩ። ከተሸበሸበ ወይም ከለሰለሰ ሌላ ፈልጉ። ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቃችሁ ሦስት ስስ ርጭት ስጡት፣ አንድ ወፍራም ግን አይሆንም። በ1/700 አንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 5 ሴንቲሜትር ይተረጎማል፤ ወፍራም ቀለም በሮችንና መስኮቶችን ይደፍናቸዋል።

ሰዓቱም ይመረጥ። በበጋ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ሜዳውን አቋርጦ በሚመጣው ነፋስ የተረጨ ቀለም በአየር ላይ ይደርቅና ገጹ አሸዋ የነካው ይመስላል። በክረምት ዝናብ ሊጥል ሲል ከተረጨ ደግሞ እርጥበት ተይዞበት ነጭ ጉም ይለብሳል። ከረጫችሁ በኋላ ሰፋ ያለ ካርቶን ድፉበት፤ አቧራን እንደሱ የሚከላከል የለም።

ለፍሌቸር የሚቀለው አለባበስ እ.ኤ.አ. በ1942 የነበረው «ሜዠር 21» የተባለው የባሕር ኃይሉ የቀለም አቀባብ ነው። ወደ ጎን የቆመው ሁሉ ኔቪ ብሉ፣ ከላይ የሚታየው ጠፍጣፋ ሁሉ ዴክ ብሉ። ሁለት ቀለም ብቻ፣ ያውም የሚቀራረቡ፤ መጋጠሚያው ላይ እጅ ቢስት እምብዛም አይታይም። ሁለቱንም በጥቂት ነጭ አስር ለአንድ ያህል አቅልሏቸው። ትንሽ ነገር ላይ የተቀባ ቀለም ከእውነተኛው ይልቅ ጠቆር ብሎ ይታያልና።

በመጀመሪያ ወለሉ ይቀባ። ከዚያ ጎኑ። ወለሉን በወረቀት ፕላስተር ከሸፈናችሁት የፕላስተሩን ጠርዝ በስቴክኒ ጫኑት፤ ሲላጥም ወደ ራሱ አጥፋችሁ በዝግታ ሳቡት። ፕላስተሩ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አንዴ ሁለቴ ተለጥፎ ተላጦ ሙጫው ይድከም፤ አለዚያ ቀለም ይዞ ይነሣል።

በብሩሽ የምትቀቡ ከሆነ አክሪሊኩን ወተት እስኪመስል በውሃ አቅጥኑ። የመጀመሪያው ሽፋን ግራጫው ከሥር እየታየ አስቀያሚ ይሆናል፤ አትጨነቁ፣ አትደጋግሙበትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለተኛውን፣ ካስፈለገ ሦስተኛውን። በበጋ ብሩሹ ላይ እየደረቀ ከጎተተባችሁ ሁለት መላ አለ፤ በሰሐን ላይ እርጥብ ሶፍት ዘርግቶ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አንጥፎ ቀለሙን እዚያ ማስቀመጥ፣ ወይም በስቴክኒ ጫፍ የነካ ያህል ግሊሰሪን መቀላቀል። ግሊሰሪኑ ከበዛ ቀለሙ ሳይደርቅ ሲያጣብቅ ይከርማል።

ቁጥሮቹ

በአፍንጫዋ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ከወረቀት በውሃ የሚለቅ ስስ ዴካል ነው። ከመለጠፉ በፊት ቦታውን አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀቡት። ሻካራ ገጽ ላይ ከተለጠፈ ከሥሩ አየር ይታሰርና በዙሪያው የብር ቀለም ይታያል። ለ20 ወይም 30 ሴኮንድ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ አውጥታችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ በራሱ ሲንሸራተት ወደ ቦታው በርጥብ ብሩሽ ግፉት፣ ውሃውን በጥጥ ምጠጡ። ሲደርቅ ሙሉዋን መርከብ በማት (በማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ ሸፍኑ።

ማቆም

አሁን ከመሃል ወደ ዳር፣ ከታች ወደ ላይ ሥሩ። ማዘዣ ክፍል፣ ጭስ ማውጫዎች፣ ቶርፔዶዎች፣ መድፎች፣ በመጨረሻ ምሰሶ። ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል የሚገባ ሰው በክርኑ የቆመውን ይጥላል። የሚለጠፍበትን ነጥብ ቀለሙን በካተር ጫፍ ፋቁ፤ ሙጫ ቀለም ላይ ከያዘ የያዘው ቀለሙን ነው፣ በኋላ አብሮት ይላጣል።

ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት በሚያገኘው ውሃ ነው። በጥርና በየካቲት ደረቅ አየር አምስት ደቂቃ ይዛችሁት ሊንሸራተት ይችላል፤ ቦታው ላይ «ሃ» ብላችሁ አንዴ ተንፍሱበት፣ ወዲያው ይይዛል። በክረምት ግልባጩ ነው፤ ቶሎ ይይዛል፣ ብዙ ከሆነ ግን በዙሪያው ነጭ ዱቄት ይተዋል። ስለዚህ ከጠርሙሱ አታፍስሱ፤ አንድ ጠብታ የቆርቆሮ ክዳን ላይ አድርጋችሁ በመርፌ ጫፍ አንሡ።

ከምሰሶው ወደ ኋላ የሚዘረጋውን ሽቦ ከባዶው ፍሬም ሥሩት። አሥር ሴንቲሜትር ፍሬም ከሻማ ነበልባል ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ አሽከርክሩ፤ ሲያብረቀርቅና ሲዝል ከእሳቱ አውጡትና ሁለት እጃችሁን በአንድ እኩል ፍጥነት ሳቡ። እንደ ሸረሪት ድር ይሳባል። በፍጥነት ከተሳበ ይሳሳል፣ በዝግታ ከሆነ ይወፍራል። የመስፊያ ክር አትጠቀሙ፤ 0.3 ሚሊሜትር ክር በ1/700 የ21 ሴንቲሜትር ገመድ ሆኖ ይታያል፣ ፀጉሩም ያስጠላል። ሙጫውና አሴቶኑ ለዚህች ደቂቃ ሌላ ክፍል ይሁኑ።

ባሕሯ

ዋተርላይን መርከብ ባሕር ትፈልጋለች። ቀጭን ፎም ላይ የመርከቧን ቅርጽ በእርሳስ ዙሩበት፣ ከዙሪያው ሶፍት ዘርግታችሁ በውሃ በቀጠነ የአናጢ ነጭ ኮላ አርጥቡት፣ በብሩሽ ወጋ ወጋ እያደረጋችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ አጨማድዱት። ሲደርቅ መጨማደዱ ማዕበል ይሆናል። ጥቁር ሰማያዊ ከጥቂት አረንጓዴ ጋር ቀብታችሁ በአንጸባራቂ ቫርኒሽ ሁለቴ ሸፍኑ። አረፋው ነጭ ነው፤ ከአፍንጫዋ ተነሥቶ በሁለቱ ጎን ወደ 20 ዲግሪ ገደማ እየሰፋ ወደ ኋላ ይሄዳል። ማዕበሉን አታግዝፉት። ሶፍቱ ላይ 3 ሚሊሜትር የተነሣ እጥፋት በመጠኗ የ2 ሜትር ማዕበል ነው።

ከመስታወት ቆራጭ አምስት ፊት ያለው ሣጥን አሠርታችሁ ድፉባት። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ካለ ከፍተኛ መደርደሪያ፣ ከሰዓት ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና በፀሐይ ከቆመ መኪና አርቋት፤ የተሳበው ሽቦ በሙቀት ይረግባል፣ ምሰሶውም ይዘማል። አቧራ ከገባባት በሰፊ ደረቅ ብሩሽ ከምሰሶው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ታች ጥረጉ፤ ጨርቅ አታስጠጓት።